ሙቀት የማያባክን ግድግዳ፦ ቤትን ያለ ከሰል ለማሞቅ

ክረምቱ ሲበረታ፣ ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ ሲወርድ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞች የሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች በርና መስኮታቸውን ዘግተው ከሰል በማቀጣጠል ክፍላቸውን ያሞቃሉ። በዚህ ልማድ ሳቢያ ሰዎች በተኙበት ሕይወታቸውን የሚያጡበት አጋጣሚ በተደጋጋሚ ይሰማል። የእሳትና የድንገተኛ አደጋ ባለሙያዎች ማሳሰቢያ ቢሰጡም ችግሩ ሊወገድ ያልቻለው ኅብረተሰቡ ማስጠንቀቂያውን ባለመስማቱ ብቻ አይደለም። ቤቱ በእርግጥም ይቀዘቅዛል፤ ሕፃናትና አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብም ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ማደር ይከብደዋል።

በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የበረታ በመሆኑ፣ የተኛው ሰው አየር እየሳበ ሰውነቱ ኦክስጅን ያጣል። ፍሙ መጨሱን ካቆመ በኋላም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም፤ ብዙዎችን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው።

ከሰሉን ከክፍል ለማስወጣት ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ፣ ምናልባትም እጅግ የተዘነጋው፣ ቤቱን ሲሠሩ ጀምሮ ሙቀት እንዳያባክን አድርጎ መሥራት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ቢሆንም ብርዷ እንደ አውሮፓ ክረምት የከፋ አይደለም። ቀን ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል፤ ሌሊት ደግሞ በደረቁ ወራት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የቀኑና የሌሊቱ አማካይ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። በመሆኑም ቤቱ ለነዋሪው እንዲመች የሚጎድለው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ ያንኑ ጥቂት ዲግሪ ግን ግድግዳውና ጣሪያው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ውጭ ያፈሱታል።

ሙቀት ምንጊዜም ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይጓዛል። ግድግዳ ይህን ጉዞ ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። የሚያዘገይበት መጠን የሚወሰነው በውፍረቱና በተሠራበት ቁስ ነው። እያንዳንዱ ቁስ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በቁጥር የሚገለጽ ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቁሱ ሙቀትን የተሻለ ይከላከላል። በዚህ መለኪያ ብረት 50 ገደማ፣ ኮንክሪት ከ1.4 እስከ 2፣ የሸክላ ጡብ ከ0.6 እስከ 0.8፣ ጭድ የገባበት ጭቃ 0.5 ገደማ፣ ደረቅ እንጨት 0.15 ገደማ ነው። ተጨምቆ የታሰረ ጭድ ከ0.05 እስከ 0.07፣ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ታሽጎ የሚመጣበት ነጩ ፎም ደግሞ 0.04 ያህል ነው። ከሁሉም ዝቅተኛው የማይንቀሳቀስ አየር ሲሆን 0.025 ብቻ ነው።

የሙቀት መከላከያ ቁሶች ሁሉ ምስጢር ይኸው የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ፎሙም ሆነ ጭዱ ሙቀት የሚከላከለው በውስጡ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ክፍተቶች አየር አግቶ ስለያዘ ነው። ጋቢ ራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ በድርብርቦቹ መካከል የታገተው አየር የለባሹን የሰውነት ሙቀት ስለሚጠብቅ ነው የሚያሞቀው። ዝናብ የመታው ጋቢ ለምን እንደማያሞቅም ከዚሁ መረዳት ይቻላል። ውኃ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ አየሩ የነበረበትን ቦታ ውኃ ሲይዘው መከላከሉ ይቀራል። ግድግዳም እንዲሁ ነው። ከመሠረቱ እርጥበት የሚስብ ወይም ከጣሪያው ጠርዝ ዝናብ የሚመታው ግድግዳ፣ ምንም ዓይነት መከላከያ ቢለብስ ቀዝቃዛ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ከፎም ግዥ ሳይሆን ከአሸንዳ፣ ከመሠረት ውኃ መከላከያና ወጣ ብሎ ከተሠራ የጣሪያ ጠርዝ ይጀምራል።

በከተሞች በስፋት እየተሠራበት ያለው ብሎኬት ክፍት ቀዳዳዎች ስላሉት አየር ይይዛል፤ ስለሆነም ሙቀት ይከላከላል የሚል ግምት አለ። ግምቱ በከፊል ብቻ ትክክል ነው። የብሎኬቱ ቀዳዳ ሰፊ በመሆኑ በውስጡ ያለው አየር ረግቶ አይቀመጥም። በሞቀው ጎን እየተነሳ በቀዘቀዘው ጎን እየወረደ ስለሚዘዋወር ሙቀቱን ራሱ ተሸክሞ ያሻግራል። ከዚህም በላይ ሁለቱን የብሎኬት ፊቶች የሚያገናኙት የኮንክሪት ክፋዮች ለሙቀት እንደ ድልድይ ያገለግላሉ። በሁለቱም ወገን የተለሰነ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብሎኬት ግድግዳ፣ በውስጥና በውጭ መካከል የ1 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 2.5 ዋት ያህል ሙቀት ያሳልፋል። በውፍረት ተመሳሳይ የሆነና በጤፍ ጭድ በደንብ ተቦክቶ የተመረገ የጭቃ ግድግዳ የሚያሳልፈው ከዚህ ሲሶ ያህል ያነሰ ነው። ጭቃ ቤት ይሞቃል የሚለው የቆየ አነጋገር እንግዲህ መሠረት አለው፤ ስንጥቁና በማገሩ መካከል ያለው ክፍተት በነፋስ ካልተሸነፈ በስተቀር።

የድንጋይ ቤት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በትግራይ ህድሞ የሚባለው ባለ ድንጋይ ግድግዳና ባለ አፈር ጣሪያ ቤት፣ በሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት ነባር ቤቶች፣ በሰሜን ሸዋ ደጋዎች የሚታዩት የድንጋይ ቤቶች ሁሉ በወፍራም ግድግዳ የታነጹ ናቸው። ድንጋይ ሙቀት በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ የ50 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ግድግዳ በቀጥታ የሚያሳልፈው ሙቀት ከ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ብዙም የማያንስ መሆኑ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። ብልጫው ሌላ ነው። ይህን ያህል ክብደት ያለው ግድግዳ ከፍተኛ ሙቀት ያከማቻል። ቀን የመታው ፀሐይ ከ10 ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ወደ ውስጥ ይደርሳል፤ የሌሊቱም ቅዝቃዜ በተራው ወደ ውስጥ የሚደርሰው ቀን ነው። የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት በቤቱ ውስጥ ይደበዝዛል። ክፍት ብሎኬት ይህን ማድረግ አይችልም። ሙቀት ለመከላከልም ለማከማቸትም የሚበቃ ባሕርይ ስለሌለው ከሁለቱ ነባር ጥበቦች አንዱንም አልወረሰም።

ማከማቸት በሁሉም ሥፍራ ይጠቅማል ማለት ግን አይደለም። ወፍራም ግድግዳ የሚሠራው ሌሊቱ በቂ ቅዝቃዜ ሲኖረው ነው። ሌሊቱም በማይበርድበት የቆላ አካባቢ ቀን ሙሉ ሙቀት ያጠራቀመ ግድግዳ ነዋሪውን ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል። የአፋር አርብቶ አደሮች ከሰሌን የሚሠሩት ተጣጣፊ ቤት ቀላልና አየር የሚያስተላልፍ መሆኑ ለመንቀሳቀስ ከማመቸቱም በላይ ከአየሩ ጠባይ ጋር የተስማማ ነው። በድሬዳዋና በሰመራ ኮንክሪትና ብሎኬት ሲበዛ አየር ማቀዝቀዣም አብሮ ይበዛል። በእነዚህ ከተሞች የሙቀት መከላከያ ጥቅሙ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚከላከለው ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባውን ሙቀት ነው። ግድግዳን ነጭ ኖራ መቀባትና በምዕራብ በኩል በበረንዳ ወይም በዛፍ ማጥላትም ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ የማቀዝቀዣውን ድካም ይቀንሳል።

ወደ ደጋው ስንመለስ፣ በስፋትና በቁመት 4 ሜትር የሆነች፣ ሁለት ግድግዳዎቿ ወደ ውጭ የሚመለከቱ አንዲት የብሎኬት ክፍል በምሳሌነት ትወሰድ። መስኮትና በሩ ሲቀነስ ወደ ውጭ የሚመለከተው ግድግዳ 18 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ውጭው ከውስጡ በ10 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ከሆነ በግድግዳው ብቻ 450 ዋት ሙቀት ይወጣል። ይህም ባለ 1 ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሚሰጠው ግማሽ የሚጠጋ ነው። በግድግዳው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ፎም ቢለጠፍና ቢለሰን የሚወጣው ሙቀት ወደ 108 ዋት፣ ማለትም ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ይወርዳል።

ሆኖም የክፍሏ ጣሪያ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ከዚያ የሚወጣው ሙቀት ከ1 ሺህ ዋት ይበልጣል። በፎቅ ባልተሠራ ቤት ግድግዳውን አልብሶ ጣሪያውን እርቃኑን መተው፣ ብርድ ልብስ ለብሶ በባዶ እግር እንደ መውጣት ነው። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ኮርኒስና በኮርኒሱ ላይ የሚነጠፍ መከላከያ፣ ቀጥሎ በግድግዳውና በጣሪያው መገናኛ ያለው ክፍተት፣ ከዚያም ግድግዳው። የአቡጀዲ ኮርኒስ እንኳ ባዶ ቆርቆሮን በብዙ እጅ ያሻሽላል።

ይህ ሁሉ ሲደመር የሚያመጣው ለውጥ ከከሰሉ ጥያቄ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው። አንድ የተኛ ሰው ከ70 እስከ 80 ዋት የሚደርስ ሙቀት ከሰውነቱ ይለቃል። አራት ሰዎች በሚያድሩባት በዚያች ክፍል 300 ዋት ያህል ሙቀት ያለምንም ነዳጅ ይገኛል ማለት ነው። ክፍሏ ባዶ ብሎኬትና ባዶ ቆርቆሮ ስትሆን ይህ ሙቀት ክፍሏን ከውጭው አየር ከ2 ዲግሪ ባነሰ ብቻ ያሞቃታል። ግድግዳዋና ጣሪያዋ 5 ሴንቲ ሜትር መከላከያ ሲኖራቸው ግን፣ ለነዋሪዎቹ የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር እየገባ እንኳ፣ የዚያው የአራት ሰው ሙቀት በመካከሉ 6 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይፈጥራል። ቀን በመስኮት የገባው ፀሐይና ለእራት የተሠራው ወጥ የተዉት ሙቀት በዚህ ላይ ይታከላል።

መከላከያው ከግድግዳው በየትኛው ወገን ይሁን የሚለው ጥያቄ በባለሙያዎች ዘንድ ጊዜ የሚወስድ ነው። በውጭ በኩል የሆነ እንደሆነ ግድግዳው ከነክብደቱ በሞቀው ወገን ስለሚቀር ሙቀት ያከማቻል፤ በኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ በኩል የሚያመልጠውም ሙቀት ይሸፈናል። በውስጥ በኩል ማልበስ ርካሽና ለኪራይ ቤትም የሚቻል ነው፤ ክፍሉም ቶሎ ይሞቃል። ጉድለቱ ከመከላከያው ጀርባ የሚቀረው ግድግዳ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከሰው ትንፋሽና ከማብሰያ የሚወጣው እንፋሎት በዚያ ደርሶ ወደ ውኃ ሊለወጥና ሻጋታ ሊያበቅል መቻሉ ነው። በብሎኬት ቤቶች ጥግና በምሰሶ አጠገብ የሚታየው ጥቁር ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ የዚሁ ውጤት ሲሆን፣ ቀለም ደጋግሞ መቀባት ምክንያቱን አያስወግድም።

ስለ ቁሶቹ ሲነሳ በቀላሉ የሚታሰበው ፎም ቢሆንም ብቸኛው አማራጭ አይደለም። ከሞጆ እስከ ባቱ በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ ክፍል የሚገኘው ፑሚስ የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በውስጡ አየር ያዘለ ቀላል ቁስ ነው። በፑሚስ የተሠራ ብሎኬት በጠጠርና በአሸዋ ከተሠራው ይልቅ ሙቀት ይከላከላል፤ ክብደቱም ስለሚቀል ለማጓጓዝና ለመሥራት ይመቻል። ገዥው ግን ይህን የሚያረጋግጠው ብሎኬቱን በእጁ አንስቶ ክብደቱን በመመዘን እንጂ በስሙ መሆን የለበትም፤ ቅልቅሉ አሸዋ በበዛበት ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳልና። ጭድም ከቦታው አልወጣም። ጭድ የበዛበት ወፍራም የጭቃ ምርጊት በነባር ግድግዳ ውስጠኛ ወገን ቢመረግ ርካሽ መከላከያ ነው፤ ምስጥና እርጥበት እንዳይደርስበት ግን ከመሬት ከፍ ካለ የድንጋይ መሠረት ላይ መጀመር አለበት።

ፎም በእሳት የሚያያዝ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ ሰኔ 14 ቀን 2017 በለንደን ግሬንፌል የተባለው ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ሲቃጠል 72 ሰዎች ሞተዋል። እሳቱ ሕንፃውን ከታች እስከ ላይ በፍጥነት ያዳረሰው ከጥቂት ዓመት በፊት በእድሳት ወቅት በውጭ በኩል በለበሰው ተቀጣጣይ ሽፋን አማካይነት ነበር። በአንድ ፎቅ ቤት ላይ የተለጠፈና ከበስተውጭ በሽቦ መረብ ተይዞ በሲሚንቶ ልስን በሚገባ የተሸፈነ ፎም አደጋው የዚያን ያህል ባይሆንም፣ ያለ ልስን ተጋልጦ የቀረ ፎም በማብሰያ ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም። በረጃጅም ሕንፃዎች ላይ ከድንጋይ ወይም ከብርጭቆ ክር የሚሠራውና የማይቀጣጠለው መከላከያ ተመራጭ ነው።

መከላከያ ምን ያህል ይበቃል ለሚለው መልሱ እንደ አገሩ ይለያያል። በጀርመን ዳርምሽታት ከተማ እ.ኤ.አ በ1991 ነዋሪዎች የገቡባቸውና ፓሲቭ ሃውስ ለሚባለው የግንባታ ዘዴ ፈር የቀደዱት አራት ተያያዥ ቤቶች በግድግዳቸው ላይ ከ27 ሴንቲ ሜትር በላይ ፎም ለብሰዋል። በዘዴው መሠረት አንድ ካሬ ሜትር ወለል በዓመት ለማሞቂያ የሚፈቀድለት 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ውጤቱ የሚደነቅ ቢሆንም ለኢትዮጵያ ደጋ ይህን ያህል ውፍረት መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። የመጀመሪያው 5 ሴንቲ ሜትር ከሚባክነው ሙቀት ሦስት አራተኛውን ስለሚያስቀር፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የሚያተርፈው እየቀነሰ ይሄዳል።

በአገር ውስጥም ሌላ መንገድ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ቅጥር ግቢ፣ ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሁለት ደረጃ ያለው የማሳያ ቤት ከአካባቢው አፈር ተገንብቷል። ቤቱ ያሳየው ወፍራም የአፈር ግድግዳ በከተማም ፎቅ ሊሸከም እንደሚችል ነው። አፈር በዋጋ ከሲሚንቶ ጋር የማይነጻጸር ቢሆንም ብዙ ቤት ሠሪዎች የሚሸሹት የድህነት ምልክት አድርገው ስለሚያዩት ነው። በተቃራኒው በፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ሴራሚክና ለሰፋፊ መስተዋት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የቤቱን ዙሪያ በሙሉ መከላከያ ለማልበስ የሚበቃ ነው። መስተዋቱ ደግሞ ነጠላ ከሆነ ከብሎኬቱም በእጥፍ የበለጠ ሙቀት ያወጣል።

ገና ቦታ ለተረከበ ሰው ያለ ወጪ የሚገኝም ጥቅም አለ። ደጋማ ከተሞች ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሚገኙ በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የመኝታና የሳሎን መስኮት ወደ ደቡብ ቢዞር በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ውስጥ ገብታ ወለሉንና ግድግዳውን ታሞቃለች። መጸዳጃ ቤት፣ ዕቃ ቤትና ደረጃ በሰሜን በኩል ቢሆኑ ለቀሩት ክፍሎች መከታ ይሆናሉ።

ቤቱ በመከላከያ ከለበሰና ክፍተቱ ከተደፈነ በኋላ ግን ጥንቃቄው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቀድሞ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ይወጣ የነበረው ጋዝ መውጫ ያጣል። በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ አንዲት ማንደጃ ከሰል በቀድሞው ቤት ከምታደርሰው የከፋ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች። ስለዚህ በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በኮርኒሱ አቅራቢያ የማይዘጋ የአየር መውጫ፣ ከበሩ ሥርም መግቢያ ሊተው ይገባል፤ ቡናም በከሰል የሚፈላ ከሆነ ማንደጃው በረንዳ ላይ ወይም ጭስ ማውጫ ባለው ማድቤት መሆን ይኖርበታል። ፍሙም ከመኝታ በፊት በውኃ መጥፋት አለበት፤ አመድ ለብሶ የተዳፈነ ፍም እስኪነጋ ድረስ ጋዝ ያወጣል።